ስፓምዲ «ልጅ ጨምሩልኝ» ሲላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉት

ሜይል ሰርቨራችሁ ላይ ስፓምአሳሲን (ስፓም የሚለየው ፕሮግራም፣ ስፓምዲ ከጀርባ የሚሮጠው ክፍሉ ነው) ካለና ሜይሉ ከበዛ፣ ሎጉ ላይ አንድ መስመር መደጋገሙ አይቀርም። ማክስ-ችልድረን (በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ቻይልድ ፕሮሰሶች፣ ማለትም «ልጆቹ»፣ ስንት ይሁኑ የሚለው) ገደቡ ላይ ደርሷል፣ ከፍ ብታደርጉት ይሻላል ይላል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን እሺ አልኩ። ሲጫን 5 የነበረውን 40 አደረግኩት። ሰርቨሩ ለጥቂት ደቂቃ ሮጠ፣ ከዚያ ራሙ ሞልቶ ስዋፕ (ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም) ውስጥ ገባና በኤስኤስኤች እንኳ አላስገባ አለኝ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

ስፓምአሳሲን በፐርል የተጻፈ ነው። አንድ ቻይልድ ፕሮሰስ 100 ሜጋባይት ገደማ ራም ቢይዝ አይግረማችሁ፣ ሩል (ስፓም የሚለይበት ደንብ) ከጨመራችሁ ከዚያም ያልፋል። በአንድ ጊዜ የሚያየው ደግሞ አንድ ሜይል ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሂሳብ ስሩ። ሎጉ ላይ ሜይሉ ታይቶ ሲያልቅ ስካንታይም የሚል ቁጥር ይጻፋል፣ በሰከንድ ነው። በሰከንድ 10 ሜይል እየገባ አንዱ 4 ሰከንድ ከፈጀ 40 ቻይልድ ያስፈልጋል፤ 4 ጊጋ ራም ሄደ ማለት ነው። ያንን 4 ሰከንድ ወደ ግማሽ ሰከንድ ብታወርዱት ግን ያው የመጀመሪያው 5 ይበቃል (ለክፉ ቀን ጥቂት ጨምሩበት)።

4 ሰከንዱን ማን በላው? ብዙ ጊዜ ዲኤንኤስ ነው፤ ስፓምአሳሲን የስፓም ጥቁር መዝገቦችን (አርቢኤል) የሚጠይቀው በእሱ በኩል ነው። ሰርቨሩ የሚጠይቀው 8.8.8.8ን (የጉግልን) ወይም ሌላ የሕዝብ ሪዞልቨር (የዲኤንኤስ ጥያቄ መላሽ) ከሆነ፣ መዝገቦቹን የሚይዙት ስፓምሃውስና ዩአርአይቢኤል በዚያ በኩል ለመጣ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ አይሰጡም። ሄደሩ ላይ ዩአርአይቢኤል ብሎክድ የሚል ካያችሁ ይኸው ነው፤ እየጠበቃችሁም ስፓሙም እያለፈ ነው። እዚያው ማሽን ላይ አንባውንድ የሚባለውን ሪዞልቨር ጫኑ። ለሌላ ሪዞልቨር እንዲያስተላልፍ አታድርጉት፣ ራሱ ከሩት ጀምሮ ይፈልግ። ከዚያ ሪዞልቭ ኮንፍ ላይ 127.0.0.1 ብቻ ይቅር። የአርቢኤል ታይምአውቱም ሲመጣ 15 ሰከንድ ነው፣ ወደ 5 አውርዱት። ሜይላችሁ በጣም ብዙ ከሆነ ግን የስፓምሃውስ ነፃ አገልግሎት ገደብ አለው፣ መክፈል ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር በሩ ነው። ከበር መመለስ የሚቻል ሜይል ፐርል ጋ ምን ያደርጋል? ሜይል የሚቀበለው ፕሮግራማችሁ ፖስትፊክስ ከሆነ የበር ጠባቂውን ፖስትስክሪንን አብሩ። ሥራውን በጣም ነው የምወደው፦ የሰላምታውን ግማሽ ብቻ ይልክና 6 ሰከንድ ያህል ዝም ይላል። ደህና ሰርቨር ሰላምታው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ስፓም የሚረጨው ቦት ግን ስለሚቸኩል ቀድሞ ማውራት ይጀምራል፣ እዚያው ይያዛል። ሰላምታ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው እኛም ጋ አይታመንም መቼም። እናንተ ጋ ወደሌለ አድራሻ የሚመጣውንም እዚያው በር ላይ መልሱት።

ቤዝ (ካለፉ ሜይሎች ተምሮ ስፓም የሚገምተው ክፍል) ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ችግር አለ። ሲጫን ዳታው በፋይል ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ቻይልዶቹ በአንድ ሎክ (አንዱ ሲጽፍ ሌላውን የሚያስቆም ቁልፍ) ላይ ይሰለፋሉ። ይባስ ብሎ አሮጌውን ዳታ የማጽዳት ሥራ በራሱ ጊዜ ሜይል እያየ መሀል ላይ ይነሳል። ቤዝ ኦቶ ኤክስፓየርን 0 አድርጉና ጽዳቱን ሌሊት በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሳው) አሠሩት። ከዚያ የሚሻለው ዳታውን ወደ ሬዲስ (ዳታን ራም ላይ የሚይዝ ዳታቤዝ) ማዛወር ነው፤ ከስፓምአሳሲን 3.4.0 ጀምሮ ይቻላል፣ ጊዜው ያለፈበትንም ሬዲስ ራሱ ያጠፋዋል።

ኤስኤ-ኮምፓይል የሚባለውን የስፓምአሳሲን መሣሪያም ሞክሩ፣ የሜይሉን ጽሑፍ የሚያዩትን ሩሎች ወደ ሲ ይቀይራቸዋል። ሩል ባደሳችሁ ቁጥር መድገሙን ግን አትርሱ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትነካኩ። አንዱን ቀይሩ፣ ስካንታይሙን እዩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ሎጉ ላይ የቻይልዶቹን ሁኔታ የሚያሳይ የፊደል ሰልፍ አለ፤ ቢ ሥራ ላይ ነው፣ አይ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ሜይሉ ሲጎርፍ፣ ከቢዎቹ መሀል ሁለት ሦስት አይ ካያችሁ ቁጥሩን ተዉት፣ ደህና ነው።