የዳውን ስሊፒንግ ባግ ስትመርጡ የምትሳሳቱት የት ላይ ነው?

በብርድ ወራት ተራራ ላይ ከሚያድሩ ሰዎች ጋር ብዙ ዓመት ተጉዣለሁ። ጠዋት ማን እንደተኛ፣ ማን ደግሞ ሌሊቱን በዓይኑ እንዳነጋው ፊቱን አይቼ አውቃለሁ። ያልተኛው ሰው ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነው፦ «ከዜሮ በታች 20 ይችላል ብለውኝ ነበር እኮ!»

ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም ውስጡ ገብታችሁ የምትተኙበት ከረጢት፣ በራሱ አንዳች ሙቀት አያመነጭም። የሚያሞቀው የገዛ ገላችሁ ነው፤ የላባው ሥራ ያን ሙቀት የተሸከመውን አየር ይዞ ማቆየት ብቻ ነው። ዳውን የሚባለው፣ ከዳክዬና ከዝይ ትልቁ ላባ ሥር የሚገኘው አገዳ የሌለው ለስላሳ ላባ፣ ለዚህ የተመረጠው በትንሽ ክብደት ብዙ አየር ስለሚይዝ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል አየሩ የሚጨፈለቅባቸው፣ የሚሾልክባቸው ወይም ከመጀመሪያውም ያልነበረባቸው ናቸው።

ጎልቶ የተጻፈውን ቁጥር ማመን

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም፤ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ከረጢት ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ጎልቶ ካያችሁ «ይህ የማን ቁጥር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 23537 መመዘኛ መሠረት (ከእሱ በፊት የአውሮፓው ኢኤን 13537 ነበር) ከረጢቱ የሚለካው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰው መሳይ አሻንጉሊት ውስጡ አስተኝቶ ነው። ከልኬቱ ስለ ብርድ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ። አንደኛው የምቾት ቁጥር ነው፤ አማካይ ሴት ዘና ብላ ተኝታ ብርድ ሳይሰማት የምታድርበት መጨረሻ። ሁለተኛው የወሰን ቁጥር ነው፤ አማካይ ወንድ ኩርምት ብሎ ተኝቶ ብርድ ሳይሰማው የሚያድርበት መጨረሻ። ሦስተኛው የጽንፍ ቁጥር ነው፤ እሱ ስለ እንቅልፍ ጨርሶ አይናገርም። ሴቲቱ 6 ሰዓት ያህል ሕይወቷ ሳያልፍ ትቆያለች፣ የሰውነቷ ሙቀት ግን ለአደጋ በሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ሻጭ ከሦስቱ የትኛውን በትልቁ መጻፍ የሚወድ ይመስላችኋል? ምቾቱ ከዜሮ በታች 5፣ ወሰኑ ከዜሮ በታች 11፣ ጽንፉ ከዜሮ በታች 29 የሆነ ከረጢት «እስከ 29 ብርድ የሚችል» ተብሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ገዢው ከዜሮ በታች 15 በሆነ ሌሊት ይዞት ወጣ። እኩለ ሌሊት ላይ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ከጎኑ ካለው ድንኳን ሆኜ እሰማው ነበር።

ወሰኑም ቢሆን በቀላሉ የሚታመን አይደለም። መመዘኛው «አማካይ ወንድ» የሚለው የ25 ዓመት፣ 73 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ቁመቱ 1.73 ሜትር የሆነ ጎልማሳ ነው። እናንተ ግን ሃምሳ ዓመት ያለፋችሁ፣ ቀጭን፣ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ስትወጡ ውላችሁ እራት ለመብላት እንኳ የደከማችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እንደዚያ ስትሆኑ ገላችሁ እንደ ጎልማሳው ሙቀት አያመነጭም። ስለዚህ የምቾቱን ቁጥር ፈልጉ፤ እሱም ከምትጠብቁት ሌሊት በ5 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ ይሁን። ብርድ ቶሎ የሚይዛችሁ ከሆነ፣ ሴትም ሆናችሁ ወንድ፣ ሌሎቹን ሁለት ቁጥሮች ርሷቸው። የምቾቱን ቁጥር ሊያሳያችሁ የማይችል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ሳልረሳው፦ 0 ፋራናይት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 20 ፋራናይትም ከዜሮ በታች 7 ገደማ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ፊደል ሳታዩ አትክፈሉ።

ትልቁን ፊል ፓወር እያሳደዱ መግዛት

ይህን ራሴ ሠርቼዋለሁ። ፊል ፓወር አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ዳውን፣ ስንት ኪዩቢክ ኢንች ቦታ እንደሚሞላ የሚናገር ቁጥር ነው። 800 ከሆነ ያቺ እፍኝ ላባ 13 ሊትር ገደማ ትሞላለች። ቁጥሩ የላባውን ጥራት ይነግራችኋል፤ ብዛቱን አይነግራችሁም። እኔ 850 የሚለውን ጥልፍ አይቼ ልቤ ተሰረቀ። ውስጡ ያለው ዳውን 300 ግራም ብቻ መሆኑን ያነበብኩት በረዶ ላይ ሁለት ሌሊት ከተንዘፈዘፍኩ በኋላ ነው። ያኔ የጉዞ ባልደረባዬ 650 የሚል ተራ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ያንኮራፋ ነበር፤ የእሱ ግን 600 ግራም ዳውን ነበረው። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው የእኔ ላባ የሚይዘው 147 ሊትር ገደማ፣ የእሱ 225 ሊትር ገደማ ሆኖ አገኘሁት። በእርግጥ የእሱ ከረጢት ከባድና ሲጠቀለልም ግዙፍ ነበር፤ ቀን ቀን ስቄበታለሁ። ከፍ ባለ ፊል ፓወር የምትገዙት የክብደት ቅናሽን ነው፤ ሙቀቱን ለማወቅ ግራሙንም መጠየቅ አለባችሁ።

ከሥር የሚነጠፈውን መርሳት

ገላችሁ የተኛበት ላባ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀ ላባ አየር የለውም፤ አየር የሌለው ላባ ደግሞ ከስስ ጨርቅ ብዙም አይሻልም። ከሥራችሁ ያለውን ብርድ የሚከለክለው ፍራሹ ነው። ከላይ ያልኩት አሻንጉሊትም ሲለካ ባዶ መሬት ላይ አይተኛም፤ ፍራሽ ይነጠፍለታል። ስለዚህ ፍራሽ ሳይኖራችሁ የከረጢቱ ቁጥር እናንተን አይመለከትም።

አንድ ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ድንኳኔን አንኳኳ። እጁ በቆፈን ደርቆ የድንኳኑን ዚፕ መያዝ አቅቶታል። የያዘው ከረጢት ከእኔ በጣም የተሻለ ነበር፤ ከሥሩ ያነጠፈው ግን ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ የሚያገለግል ስስ ምንጣፍ ነበር። ትከሻውና ዳሌው ያረፉበት ቦታ ላይ እጄን ብሰድ ምንጣፉ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። የጀርባ ሻንጣውን ባዶ አድርገን አነጠፍነው፤ በላዩ ገመድ፣ ትርፍ ልብስ፣ የእኔን መቀመጫ ስፖንጅ ደረደርን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትንፋሹ ረጋ። በዚያው ከረጢት ነው እስኪነጋ የተኛው።

የፍራሽ ሙቀት የመከልከል አቅም የሚለካው አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ነው። ለከባድ ብርድ 5 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ደግነቱ ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ ከሚነፋው ፍራሽ ሥር አንድ ስፖንጅ ብትጨምሩ የሁለቱን ድምር ታገኛላችሁ፤ ፍራሹ ቢተነፍስም ባዶ መሬት ላይ አትቀሩም።

ልኩን በቁም መገመት

ሱቅ ውስጥ ገብታችሁ ተኙበት። አትፈሩ፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ ሌሊት የምትለብሱትን ልብስ ለብሳችሁ፣ ዚፑን እስከ አገጫችሁ ዝጉት። ከዚያ ጉልበታችሁን እጠፉና በጎናችሁ ተኙ። ጉልበት፣ ትከሻ ወይም የእግር ጣት የውጭውን ጨርቅ ከገፋ በዚያ ቦታ ላባው ተጨፍልቋል፤ ሌሊት ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። ወፍራም የላባ ጃኬት ለብሶ ጠባብ ከረጢት ውስጥ የሚገባ ሰው ሁለቱንም ላባዎች እርስ በርሳቸው እያጨፈላለቀ ነው፤ ጃኬቱን ከላይ ጣል ቢያደርገው ይሻለው ነበር። በጣም ሰፊውም አይበጅም፤ ትርፉን አየር ስታሞቁ ታድራላችሁ።

እዚያው ተኝታችሁ ሳለ ዓይናችሁን ጨፍኑና የቆቡንና የአንገቱን ገመድ በአንድ እጅ ፈልጉ። ካላገኛችሁት በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣት ፈጽሞ አታገኙትም። አንገቱ ላይ የሚጠብቅ በላባ የተሞላ ኮሌታ፣ ከዚፑ ጀርባም በላባ የተሞላ መከለያ የሌለው ከረጢት ለሞቃት ወራት ነው።

ስፌቱን አለማየት

ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንሡት። የውጩና የውስጡ ጨርቅ በአንድ ክር አብረው ከተሰፉ በስፌቱ መስመር ላይ ላባ የለም፤ ብርሃኑ በመስመሩ ሲያልፍ ታያላችሁ። ለከባድ ብርድ በሁለቱ ጨርቆች መካከል የቆመ የጨርቅ ግድግዳ ያለውን ምረጡ።

ቆቡ ውስጥ መተንፈስ

አፍንጫ ሲቀዘቅዝ ፊትን ወደ ውስጥ መቅበር ያምራል። ነገር ግን ትንፋሽ ውኃ ነው፤ ዳውን ደግሞ ከረጠበ ተጣብቆ ይሟሽሻል። በሦስተኛው ሌሊት ከረጢታቸው የከበደባቸውና የቀጠነባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የደረቱን ጨርቅ ጨበጥ ሲያደርጉት ውስጡ እንደ ደቃቅ ጨው ይንኮሻኮሽ ነበር፤ በረዶ ሆኗል። አፍና አፍንጫን ውጭ ትታችሁ በሻርፕ ሸፍኑ። ቀን ፀሐይ ስትወጣ፣ ለምሳ ስትቀመጡ፣ ከረጢቱን ገልብጣችሁ አስጡት። ውኃ የሚመልስ ቅባት የተቀባ ዳውን ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ከመርጠብ ግን አያድናችሁም።

ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው ስስ አንሶላ የ10 ዲግሪ ሙቀት ይጨምራል የሚባለውን ተስፋ አትመኑ። ከረጢቱን ከላብና ከቆሻሻ ይጠብቃል፤ ለዚያ ጥሩ ነው።

ጨምቆ ማስቀመጥ

ለጉዞ የሚጨመቅባት ትንሽ ከረጢት ለጉዞ ብቻ ናት። ቤት ውስጥ በሰፊ የጥጥ ከረጢት አኑሩት ወይም ስቀሉት። ያገለገለ ስትገዙም ባለቤቱ እንዴት ያስቀምጠው እንደነበር ጠይቁ፤ ከዚያ ዘርግታችሁ፣ አራግፋችሁ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁና ከፍታውን በማስመሪያ ለኩ። አምራቹ ከሚለው በጣም ያነሰ ከሆነ ላባው ደክሟል ወይም ቆሽሿል። ቆሻሻ ከሆነ እጥበት ሊመልሰው ይችላል።

እጥበቱን በተመለከተ፦ ለዳውን የተሠራ ሳሙና፣ ዝቅተኛ ሙቀት ያለው ማድረቂያ፣ ላባው እንዳይጓጉል ሁለት ሦስት የቴኒስ ኳስ፣ ብዙ ሰዓትና ብዙ ትዕግሥት። እርጥቡን ደግሞ በሁለት ክንዳችሁ ታቅፋችሁ አንሡት። የመጀመሪያዬን በአንድ ጫፉ ይዤ ከገንዳው ሳወጣው ውስጡ ያሉት ግድግዳዎች ጠርር እያሉ ሲቀደዱ ሰማሁ፤ ላባው ሁሉ እግሩ ጋ ተከማቸ። አሁን ውሻዬ ይተኛበታል፤ እሱም ቢሆን የሚመርጠው ያበጠውን ጫፍ ነው።