የአያትን የኮሪያ ሜዳይ ከነታሪኩ ለማቆየት

ባሕር ዳር በሚገኘው ቤታችን የአያቴ ሜዳይ ለዓመታት የተሰቀለው ረከቦት በሚዘረጋበት ጥግ፣ ከፎቶግራፋቸው በላይ ነበር። የዕጣኑ ጭስ፣ የጣና የክረምት እርጥበትና በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ተባብረው ጥብጣቡን አወየቡት፤ እኔም ለበዓል እንዲያብረቀርቅ ብዬ በሎሚ ፈትጌ ጉዳቱን ጨረስኩት። ስለዚህ አይፈትጉ። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ካራገፉ በኋላ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ፀሐይ በማያገኘው ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚያፍን አይሆንም።

ከመጠቅለልዎ በፊት ግን ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶግራፍ ያንሱ፤ የተጻፈበትንም ቃል በቃል ይገልብጡ። ጥብጣቡ ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው የነሐስ ሜዳይ ከሆነ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው፤ ለእኛ ዘማቾች የተሰጠው በአማርኛ የተጻፈበት ነው። ይህ ሜዳይ የሚመሰክረው ባለቤቱ ኮሪያ መዝመታቸውን እንጂ የተለየ ጀብዱ መፈጸማቸውን አይደለም። ለቤተሰብ ደስ የሚል ወሬ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጀብዱውን ከሜዳዩ ላይ ሳይሆን ከሳጥኑ ውስጥ፣ ሽልማቱን ካጸደቀው ወረቀት ላይ መፈለግ ያሻል። ለምሳሌ የአሜሪካው ብሮንዝ ስታር ለመልካም አገልግሎትም ለጀግንነትም ይሰጣል፤ ለጀግንነት ሲሆን ጥብጣቡ ላይ «ቪ» የምትባለው የላቲን ፊደል በትንሹ ትለጠፋለች።

ወረቀቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ 1951 ማለት እንደ ወሩ 1943 ወይም 1944 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከችው የቃኘው ጦር የመጀመሪያው ሻለቃ ኮሪያ የገባው በ1943 ሲሆን፣ ተኩሱ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው የውጊያ ታሪክ ከዚህ ዘመን ውጭ ከወደቀ ከሌላ ዘመቻ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ከቃኘው 121 ወታደሮች ሲሞቱ 536 ቆስለዋል፤ አንድም ግን አልተማረከም፤ ስለዚህ «አያታችን ኮሪያ ላይ ከምርኮ አመለጡ» የሚል ወሬ ቢሰሙ ከመጻፍዎ በፊት ደግመው ይጠይቁ።

በሕይወት ያሉ ዘማች ካገኙም «ምን ጀብዱ ሠሩ?» ብለው አይጀምሩ፤ አብዛኞቹ «ግዴታዬን ነው የተወጣሁት» ብለው ይዘጉታል። «ያን ሌሊት ከጎንዎ ማን ነበር? ብርዱን በምን ቻሉት?» ቢሏቸው ይሻላል። የሰሙትን ከነቀኑና ከተናጋሪው ስም ጋር በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን ከሜዳዩ ጋር፣ ሌላውን ሌላ ዘመድ ቤት ያስቀምጡ።