ከሙቀት ጋር የመላመድን ዝግመተ ለውጥ ስታጠኑ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

የተማሪዎችን የጥናት ዕቅድና የመመረቂያ ጽሑፍ ማንበብ የሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። እንስሳትና ባክቴሪያዎች ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ጋር እንዴት እንደተላመዱ የሚጠይቁትን በተለይ እወዳቸዋለሁ። ግን አንዳንድ ስህተቶች በየዓመቱ ይመላለሳሉ።

ሁለት ዝርያ ብቻ አወዳድሮ መደምደም

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ተማሪው አንድ እንሽላሊት ከሞቃት፣ አንድ ደግሞ ከቀዝቃዛ አካባቢ ይመርጣል። ይለካል። የሞቃቱ አካባቢ እንሽላሊት የበለጠ ሙቀት ይችላል። ከዚያ «በተፈጥሯዊ ምርጫ ከሙቀት ጋር ተላምዷል» ብሎ ይዘጋዋል። ቆይ እንጂ! እነዚህ ሁለት ዝርያዎች ከተለያዩ ሚሊዮን ዓመታት አልፈው ሊሆን ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጂኖቻቸው በአጋጣሚም ጭምር ሲለዋወጡ ኖረዋል። በቂ ናሙና ከወሰዳችሁ በፈለጋችሁት ነገር ልዩነት ታገኛላችሁ፤ በልብ ምት በሉት፣ በጉበት ክብደት በሉት። ልዩነቱ ደግሞ ወይ ወደዚህ ነው ወይ ወደዚያ። ስለዚህ ሙቀት ምንም ሚና ባይኖረው እንኳ ግምታችሁ ልክ የመምሰል ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል የተሰመረ መስመር መቼም ቢሆን ቀጥ ይላል። ተመራማሪዎቹ ቴዎዶር ጋርላንድና ስቲቨን አዶልፍ ይህንን በ1994 እ.ኤ.አ. ቁልጭ አድርገው ጽፈውታል። ዛሬም ግን ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል።

«ታዲያ ስንት ዝርያ ልለካ?» ይሉኛል። ቁጥሩ ብቻውን አያድንም፤ ዝምድናቸውም መታየት አለበት። አሥር ወንድማማቾች ረጃጅም ቢሆኑ ቁመቱን ከወላጆቻቸው ወረሱት እንጂ እያንዳንዳቸው ለየብቻ አላመጡትም። ተመራማሪው ጆሴፍ ፌልሰንስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. የዘር ሐረግን ስሌት ውስጥ የሚያስገባ ዘዴ ያቀረበው ለዚህ ነው። የአንታርክቲካን ዓሦች ተመልከቱ። የሚኖሩበት ባሕር ከዜሮ በታች እስከ 1.9 ዲግሪ ይወርዳል። ኖቶቴኒዮይድ የተባለው ወገን ደሙ ወደ በረዶ እንዳይለወጥ የበረዶ ቅንጣት እንዳያድግ የሚገታ ፕሮቲን አለው። ፕሮቲኑ ያላቸው ዝርያዎች ብዙ ናቸው፤ ግን ከአንድ ጥንታዊ ዘመድ የወረሱት ስለሆነ እንደ አንድ ክስተት ነው የሚቆጠሩት። ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከሌላኛው የምድር ጫፍ ነው። የቅርብ ዘመዳቸው ያልሆነው የአርክቲክ ኮድ የተባለ ዓሣ ተመሳሳዩን ፕሮቲን ከሌላ መነሻ፣ በራሱ መንገድ ሠርቶታል። የአንታርክቲካዎቹ ጂን ምንጩ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም የሚሠራ ጂን ነው፤ የኮዱ ግን ከዚያ አልመጣም። እንዲህ ዓይነት ድግግሞሽ ስታገኙ ያን ጊዜ ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ በድፍረት ተናገሩ።

በአንድ ዕድሜ የመጣን ለውጥ እንደ ዝግመተ ለውጥ መቁጠር

አንድን ዓሣ ለሳምንታት ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ብታቆዩት አካሉ ይስተካከላል። ጂኑ ግን ያው ነው። ከዱር ተይዞ ወዲያው የተለካ እንስሳ ሁለቱን ደባልቆ ያሳያችኋል። መፍትሔው ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሙቀት አሳድጎ መለካት ነው። ቢቻል ለሁለት ትውልድ ያህል ይሁን፤ እናት የኖረችበት ሙቀት በእንቁላሏ በኩል ልጆቿ ላይ ይታያልና። አንድ ጎበዝ ተማሪ ከሁለት ቦታ የሰበሰባቸውን የፍራፍሬ ዝንቦች በነጋታው ለካቸው። ልዩነቱ ግሩም ነበር። በአንድ ሙቀት ከተዋለዱ በኋላ ግን ድራሹ ጠፋ። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም አዘንኩለት።

አካል ያደረገው ማስተካከያ ሁሉ ይጠቅማል ብላችሁም አትነሱ። ተመራማሪዎቹ ሌሮይ፣ ቤኔትና ሌንስኪ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያን በ41.5 ዲግሪ ሲያወዳድሩ፣ እዚያው ሙቀት ላይ የቆዩት ከ32 ዲግሪ በመጡት ተበልጠዋል። ገዳይ በሆነው 50 ዲግሪ ግን በ41.5 የቆዩት የመትረፍ አቅማቸው ጨምሮ ተገኝቷል።

ልዩነት ሁሉ ጥቅም አለው ማለት

አይስፊሽ የሚባሉት የአንታርክቲካ ዓሦች ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ የላቸውም፤ ደማቸው ነጣ ያለ ነው። «ለብርድ የተሠራ ቀጭን ደም» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ግን ልባቸው ትልቅ፣ የደም ሥራቸው ሰፊ፣ ደማቸውም ብዙ ነው። ይህ ሁሉ የጎደለውን ለማካካስ የመጣ ይመስላል። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ስለሚይዝ ጉድለቱ አልገደላቸውም። ሳይገድል የቀረ ጉድለት ደግሞ ጥቅም አይባልም።

የአየሩን ሙቀት የእንስሳው ሙቀት አድርጎ መውሰድ

እንሽላሊት ፀሐይና ጥላ እያፈራረቀ ቀኑን ሙሉ ሰውነቱን በተቀራራቢ ሙቀት ማቆየት ይችላል። ተመራማሪዎቹ ካውልስና ቦገርት ይህን በ1944 እ.ኤ.አ. በበረሃ እንሽላሊቶች አሳይተዋል። ስለዚህ የአየር ትንበያ ጣቢያ ቁጥር አትስጡኝ። የእንስሳውን ሰውነት ለኩ።

የማሞቂያውን ፍጥነት አለመጻፍ

እንስሳው የሚችለው ከፍተኛ ሙቀት በደቂቃ ስንት ዲግሪ እንደጨመራችሁበት ይለያያል፤ ፍጥነቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ከማንም ጋር አይወዳደርም።

«ሙቀት የቻለ ብርድ አይችልም» ብሎ መጀመር

ምክንያታዊ ይመስላል፤ ግን መለካት ያለበት ነገር ነው። ቤኔትና ሌንስኪ ኢ. ኮላይን በ42 ዲግሪ ለ2000 ትውልድ አሳደጉ። ባክቴሪያዎቹ በዚያ ሙቀት በጣም ጎበዙ፤ ዝቅ ባለው ሙቀት ግን ያን ያህል አልደከሙም። በሌላ ሙከራ በ20 ዲግሪ የኖሩት በአማካይ ሲታዩ በ40 ዲግሪ ደክመዋል። ሆኖም ከመካከላቸው ጭራሽ ያልደከሙ መስመሮች (ለየብቻ የሚራቡ የባክቴሪያ ቡድኖች) ነበሩ። አማካዩን ብቻ ብታዩ ይህ ያመልጣችኋል።

የመነሻውን ባክቴሪያ ሳያስቀምጡ ሙከራ መጀመር

ይሄ ሊታረም የማይችል ስህተት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ናሙና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ አስቀምጡ። በኋላ ቅድመ አያቱን ቀስቅሳችሁ ከልጅ ልጆቹ ጋር በአንድ ብልቃጥ ታወዳድራላችሁ። ሁለቱን በቀለም የሚለይ ምልክትም አስቀድማችሁ ስጧቸው፤ ያለዚያ ማን እንዳሸነፈ መቁጠር አትችሉም። በመነሻው ሙቀት የሚቀጥሉ መስመሮችም አይቅሩ። እነሱ ከሌሉ ለውጡ የመጣው ከአዲሱ ሙቀት ይሁን ከብልቃጡ ምግብ መለየት አይቻልም።