የዛገ የኋላ ሰስፔንሽን አርም አቀያየር (ትግሉ ከቡሎኑ ጋር ነው)

የኋላ አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት) መቀየር በራሱ ከባድ ስራ አይደለም፣ ሁለት ሶስት ቡሎን ፈትቶ አሮጌውን ማውጣትና አዲሱን መክተት ነው። ያረጀ መኪና ላይ ግን ዳዶው ቢፈታ እንኳን ቡሎኑ ንቅንቅ አይልም። ስለዚ የስራ ቀናችሁን አብዛኛውን ለቡሎን መድቡት፣ ማታ ላይ ተጀምሮ ጠዋት መኪናው የሚፈለግበት ስራም አይደለም።

የሚጣበቅበት ምክንያት ይሄ ነው፣ አርሙ ጫፍ ላይ ጎሚኒ አለ (ቡሽ የሚሉትም አሉ)፣ ጎሚኒው መሀል ላይ የብረት ቱቦ አለ፣ ቡሎኑ የሚያልፈው በዛ ቱቦ ውስጥ ነው። ውሀ እዛች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገት ደግሞ ከብረቱ ራሱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጥና ቡሎንና ቱቦውን አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ቡሎኑን ስታዞሩት ትንሽ ሄዶ ተመልሶ ከመጣ ተፈታ ብላችሁ አትደሰቱ፣ የተጠማዘዘው ላስቲኩ ነው።

እቃ ከመግዛታችሁ በፊት አርሙ የታሰረበትን ቦታ እዩ። ካቻቢቴ ይዛችሁ ዙሪያውን ጠንከር አድርጋችሁ ውጉት፣ ብረቱ እንደ ብስኩት ከተፈረፈረ አዲስ አርም ምንም አያደርግላችሁም፣ መጀመሪያ ብየዳ የሚችል ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ። ደህና ከሆነ ከአርሙ ጋር አዲስ ቡሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ አብራችሁ ግዙ፣ አሮጌውን መልሼ እጠቀመዋለሁ ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። የሌላኛው ጎን አርምም እድሜው ያው ስለሆነ እሱንም ፈትሹት።

ከስራው ሁለት ሶስት ቀን ቀደም ብላችሁ ቡሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉባቸው፣ በየቀኑ ድገሙት። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው ተራው ስፕሬይ ትንሽ ይረዳል እንጂ ለዚሁ ተብሎ የተሰራው ዘልቆ የሚገባ ዘይት ይሻላል።

የጎማውን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉት። የእጅ ፍሬን አብዛኛው መኪና ላይ የሚይዘው የኋላ ጎማን ነው፣ እናንተ ደግሞ የምታነሱት ኋላውን ነው፣ ስለዚ የፊት ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ መኪናውን ጠንካራ ቦታ ላይ ካቫሌቶ (ባለ እግር የመኪና ማሳረፊያ) ላይ አሳርፉት፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር መግባት በጭራሽ የለም!! በዛ ላይ ዛሬ የምትታገሉት ነገር መኪናውን እየነቀነቀ ነው የሚፈታው።

ሞላው እናንተ የምትፈቱት አርም ላይ ከተቀመጠ ተጠንቀቁ፣ የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። አርሙን ከስር በሌላ ክሪክ ደግፉት፣ ቡሎኑ ከወጣ በኋላ ክሪኩን ቀስ እያላችሁ አውርዱት ሞላው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ። የፍሬን ቱቦ፣ የእጅ ፍሬን ገመድና የኤቢኤስ (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ሽቦ አርሙ ላይ ታስረው ከሆነ ቀድማችሁ አላቁ። አንዱ ቡሎን ላይ መስመር መስመር ያለው፣ ቀዳዳው ከመሀል ወጣ ያለ ሮንዴላ ካያችሁ ደግሞ እሱ የጎማ አላይመንት (የጎማው አቅጣጫና ዘንበል) ማስተካከያ ነው፣ ሳትነኩት ፎቶ አንሱና ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉ።

አሁን ወደ ቡሎኑ። ባለ ስድስት ጠርዝ ቡሶላ (የቡሎን ራስ ላይ የሚሰካው መፍቻ) ተጠቀሙ፣ ባለ 12ቱ የዛገ ራስ ላይ ተንሸራቶ ያከበዋል። መጀመሪያ በጣም ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዛ ወደ መፍቻው፣ እንዲ እያመላለሳችሁ ዘይት ጨምሩ። ዳዶው ከውስጥ የተበየደ ከሆነ ዝም ብላችሁ በኢምፓክት (እየመታ የሚፈታው ማሽን) አትደብድቡት፣ ብየዳው ከለቀቀ ዳዶው አብሮ ይዞራል፣ ያኔ ብረት ቀዶ መግባት ሊመጣ ነው።

እሳት ይሰራል፣ ግን የኋላ አርም አካባቢ የነዳጅ ታንክና የፍሬን ቱቦ አለ፣ የጎሚኒው ላስቲክም ይቃጠላል፣ ጭሱ መጥፎ ነው። የፍሬን ማጽጃ የነፋችሁበትን ቦታ ደግሞ በፍጹም አታግሉ፣ ክሎሪን ያለበት አይነት ከሆነ ሲግል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። እኔ እሳቱን ትቼ መቁረጥን ነው የምመርጠው፣ አርሙ እንደሆነ የሚጣል ነው። የኤሌክትሪክ መጋዙን ምላጭ በጎሚኒው ቱቦና በማሰሪያው ብረት መሀል አስገቡና ቡሎኑን በሁለቱም በኩል ቁረጡት፣ አርሙ ይወድቃል። ቡሎኑ ጠንካራ ብረት ስለሆነ (ራሱ ላይ 10.9 የሚል ካያችሁ እወቁት) ምላጭ ይበላል፣ ብዙ ያዙ፣ ማሰሪያውን እንዳትነኩት፣ መነጽርም አድርጉ።

አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጡና ርዝመቱንና የቀዳዳዎቹን አቅጣጫ አመሳስሉ። ቀዳዳዎቹን አጽዱ፣ የቡሎኑ ለስላሳ ግንድ ላይ ዝገት የሚከላከል ግራሶ ቀቡ፣ ጥርሱ ላይ ግን አይሁን፣ ማኑዋሉ ላይ ያለው የማጥበቂያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለደረቅ ጥርስ ነው።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው የመጨረሻው ላይ ነው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ቡሎኑን አታጥብቁት። የጎሚኒው ላስቲክ ከመሀል ቱቦው ጋር ተጣብቆ የተሰራ ነው፣ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲያርፍ ላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ ቶሎ ይቀደዳል። በእጅ ብቻ አስይዙት፣ ከዛ ጎማው የሚታሰርበትን ክፍል ከስር በክሪክ ግፉት፣ መኪናው ከካቫሌቶው ሊነሳ ትንሽ ሲቀረው አቁሙ፣ ያኔ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ሀይል የሚለካ ቁልፍ) ማኑዋሉ በሚለው ቁጥር አጥብቁ።

የፈታችሁትን ገመድና ሽቦ ቦታው መልሱ፣ ጎማውን ግጠሙ፣ ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ዊል አላይመንት አስደርጉ፣ ምልክታችሁ ልክ ቢሆንም እንኳን አዲስ አርም ትንሽ ይለያል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄዳችሁ በኋላ ቶርክ ሬንቹን ይዛችሁ ቡሎኖቹን አንዴ ፈትሹ።