ችግሩ እግሯ ላይ ነው ደረጃው ላይ? ሱቅና ካፌ ያላችሁ እንዲህ ፈትሹት

እህቴ በዊልቸር ነው የምትሄደው። ኮምቦልቻ ነው የምትሰራው፣ ጠዋት ብቻዋን ቢሮ ትገባለች፣ መንገዱ ሜዳ ነዋ። ደሴ እኛ ጋ ስትመጣ ግን ከፒያሳ ወደ ቤት ያለችውን ዳገት ሰው ካልገፋት አትወጣትም። እግሯ ያው እግሯ ነው፣ የተቀየረው መንገዱ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የተመድ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ጉዳቱ ከመሰናክል ጋር ሲገናኝ ነው ሰውን ከሌላው እኩል እንዳይኖር የሚያደርገው።

እና ደጃፋችሁ ላይ ቁሙና ከመንገዱ እስከ በሩ ያለውን ከፍታ በሜትር ለኩት። ደሴ ደረጃ የሌለው ሱቅ ብርቅ ነው፣ ዳገቱም ጎርፉም ያስገድዳል ይገባኛል። ከፍታው 20 ሴንቲ ከሆነ ራምፑ (ዊልቸር የሚወጣበት ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ) 2 ሜትር ከ40 ይርዘም፣ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ማለት ነው። ካሳጠራችሁት ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፣ ለስሙ የተሰራ ራምፕ ጭራሽ ከሌለው ይብሳል ምክንያቱም ሰው አምኖት ይወጣበታል። ሲሚንቶውን አታለስልሱት፣ ክረምት በዝናቡና በጉሙ ያንሸራትታል፣ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫር ጫር አርጉት። በሩ ቢያንስ 80 ሴንቲ ይከፈት። ቦታ ከጠበባችሁ ደግሞ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ የሚነሳ የብረት ራምፕ አሰሩ። ውለታ እንዳይመስላችሁ፣ በ2001 የወጣው የህንፃ አዋጅ 624/2001 አንቀጽ 36 ያኔውኑ ህዝብ የሚገለገልበት ህንፃ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር።

ከሲሚንቶው የሚከብደው ግን አፋችን ነው። ባጃጅ ስንይዝ ሹፌሩ "የት ነው የምትወርደው?" የሚለው እኔን ነው፣ እሷ እዛው ቁጭ ብላ! እሷን ጠይቋት እንጂ። አንዴ መንገድ ዳር ቆመን አንድ እናት "አላህ ያሽርሽ ልጄ" ብለው 10 ብር ጭኗ ላይ አስቀመጡላት፣ እሷ የሂሳብ ሰራተኛ ናት ደሞዟ ከኔ ይበልጣል። ክፋት የላቸውም፣ ዊልቸር ሲያዩ ምጽዋት ነው የሚመጣላቸው፣ ሁላችንም እንደዛ ነው ያደግነው፣ ግን እህቴ ያን ቀን እስከ ማታ አላወራችም። ስለዚ "ምስኪን" "ሽባ" የሚሉትን ቃላት ተዉ፣ ዊልቸሩንም ዘላችሁ አትግፉት፣ "ላግዝሽ?" በሉና መልሷን ጠብቁ፣ እምቢ ካለች እምቢ ነው።

ራምፑ ሲያልቅ ደግሞ በራሳችሁ እግር ወጥታችሁ "ጥሩ ነው" አትበሉ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ጥሩና ቡና ጋብዛችሁ አስፈትሹት፣ የቱ ጋ እንደሚይዘው የሚያውቀው እሱ ነው።