የሚጥል በሽታ ይዛችሁ አሜሪካ ለገባችሁ፦ ኪኒኑ ሳያልቅ አንብቡት

«መድኃኒቴ ሊያልቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ወር የለም። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ ብዙውን ምሳሌ ከዲሲ አካባቢ እወስዳለሁ።

መልሱ አጭር ነው፤ ሰው አትጠብቁ። አገር ቤት ብዙዎቻችን የምንወስደው ፌኖባርቢታል እዚህ አገር ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። የሌላ ሰው ኪኒን በሻንጣ መያዝ ለላኪውም ለተሸካሚውም ጣጣ ነው። እዚህ የሚጻፈው ማዘዣም ቢሆን ቢበዛ ስድስት ወር ነው የሚያገለግለው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና በሐኪም መታዘዝ አለበት።

እኔን ያገኘኝም ይኸው የኪኒን ማለቅ ነው። ስመጣ መድኃኒቴ ፋርማሲው ቆጥሮ በሰጠኝ ትንሽ ፌስታል ውስጥ ነበር። ላዩ ላይ በእስክርቢቶ «ማታ ሁለት» ከሚል ጽሑፍ በቀር የመድኃኒቱ ስም የለም፣ ሚሊ ግራሙ የለም። የኢንሹራንሱ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ወራት ሄዱ። ሲጸድቅ ደግሞ የነርቭ ሐኪሙ ቢሮ የሰጠኝ ቀጠሮ በእጄ ያለው ኪኒን የማያደርሰኝ ሩቅ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሴት «እስከዚያ በምን ትቆያለህ?» ብላ አልጠየቀችም፤ ሌላ መንገድ እንዳለም የነገረኝ የለም። ስለዚህ ማታ ማታ ከሁለቱ አንዱን እየዋጥኩ ማብቃቃት ያዝኩ። ሥራ ቦታ ወደቅኩ። ስነቃ አምቡላንስ ውስጥ ነኝ፤ ምላሴ ተነክሶ አፌ ደም ደም ይላል፤ በስንተኛው ቀን እንደሆንን ሲጠይቁኝ መመለስ አልቻልኩም። የአምቡላንሱ ሂሳብ በፖስታ ተከተለኝ።

ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቀነስ ወይም ሲቋረጥ መቋረጡ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። አንዱ ሳያባራ ሌላው የሚከተል፣ ነፍስ የሚያጠፋ ሊሆንም ይችላል። «እያብቃቃሁ እጠብቃለሁ» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፣ አታድርጉት። የነርቭ ሐኪም እስኪገኝ ተራ የቤተሰብ ሐኪም መድኃኒቱን ማዘዝ ይችላል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ የማኅበረሰብ ክሊኒኮች አሉለት፤ የሚያስከፍሉት እንደ ገቢው ነው። የቀረው የጥቂት ቀን ኪኒን ከሆነና ሐኪም ካልተገኘ ድንገተኛ ክፍል ሄዳችሁ «የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ መድኃኒቴ ሊያልቅ ነው» በሉ። ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ድንገተኛ ክፍሉ ገንዘብ የለህም ብሎ ሳይመረምር አይመልስም። ሂሳቡ ሲመጣ የክፍያ እርዳታ ማመልከቻ ጠይቁ፤ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች እንዲኖራቸው ይገደዳሉ፣ ካልጠየቃችሁ ግን አውጥቶ የሚሰጣችሁ ያለ አይመስለኝም።

በዲቪ የመጣችሁ፣ አዋቂ ከሆናችሁ በአብዛኛው ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ለማግኘት አምስት ዓመት ያስጠብቃል። በኦባማ ኬር (በመንግሥት ገበያ በኩል የሚገዛው የጤና ኢንሹራንስ) ለመመዝገብ ደግሞ ከገባችሁ 60 ቀን ነው ያላችሁ። ይህን ቀን በቸልታ የሚያሳልፍ ሰው ሳይ እናደዳለሁ።

ገና አገር ቤት ላላችሁ፦ ከሐኪማችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ያዙ። የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም፣ ሚሊ ግራሙ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ይጻፍበት። ኪኒኑን ከነማሸጊያው አምጡት።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ አስተርጓሚ በነጻ ይገባችኋል፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ግዴታው ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ከመውደቃችሁ በፊት ከሆዳችሁ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር መሰማቱ፣ የሌለ ሽታ መሽተቱ፣ ግራ እጃችሁ ቀድሞ መንቀጥቀጡ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ይወድቃል ይላል» ብሎ ያልፈዋል።

ሴቶች ይህን አስምሩበት፦ ፌኖባርቢታል፣ እንዲሁም ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚባሉት የዚሁ በሽታ መድኃኒቶች የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ያዳክማሉ። ቫልፕሮዬት የሚባለው ደግሞ ለጽንስ አደገኛ ነው። ለመውለድ ስታስቡ ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ እንጂ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ።

መኪና የሚነዳ ሰው ሕጉን ይወቅ። ሳይጥላችሁ መቆየት ያለባችሁ ጊዜ በሜሪላንድ 90 ቀን፣ በቨርጂኒያ ስድስት ወር፣ በዲሲ አንድ ዓመት ነው። እንደ ካሊፎርኒያና ፔንሲልቫኒያ ባሉ ግዛቶች ሐኪሙ ራሱ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከግዛት ግዛት የሚሄድ ከባድ መኪና ለመንዳት ደግሞ በሽታው ያለበት ሰው ስምንት ዓመት ሳይጥለው መቆየትና ልዩ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ደብቆ ትራክ የያዘ ሰው አውቃለሁ፤ ወዳጄ ነው፣ ግን ልክ አይደለም።

እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ዋነኛው ነው፤ እኛ ደግሞ በመጣን በሳምንቱ ሁለት ሥራና የሌሊት ፈረቃ እንይዛለን። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ሥራ ሳይሰጣችሁ ስለ ሕመማችሁ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ከተቀጠራችሁ በኋላ በሐኪም ደብዳቤ የቀን ፈረቃ መጠየቅ ትችላላችሁ።

አብሯችሁ ለሚኖር ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩ። ሳትነግሩት ስትወድቁ የሚያደርገው ያደገበትን ነው፤ ክብሪት ለኩሶ ያሸትታችኋል፣ ማንኪያ አፋችሁ ውስጥ ይከታል፣ ሦስት ሆኖ ይጫናችኋል። ሁሉም ጎጂ ነው። በጎን ያስተኛችሁ፣ ከጭንቅላታችሁ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርግ፣ ሰዓት ይያዝ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ከደገመ፣ ከተጎዳችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ውኃ ውስጥ ከሆነ 911 ይደውል። ጸበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ኪኒኑን ግን የሚያስቆማችሁን ሰው አትስሙ።

ብቻችሁን አይደላችሁም። ኤፒለፕሲ ፋውንዴሽን የሚባለው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን የሚረዳ ድርጅት በ1-800-332-1000 ቀንም ሌሊትም ስልክ ያነሳል፤ በየአካባቢው ያሉ የሕመምተኞች መገናኛ ቡድኖችን ይጠቁማችኋል። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ቡድኑ ውስጥ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ሌላ ሰው «ከወደቅኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ አለቅሳለሁ» ሲል መስማት ለእኔ ከሐኪሙ ማብራሪያ በላይ ረድቶኛል። እዚህ አካባቢ ያለን ጥቂት ሐበሾችም አንዳንድ ቅዳሜ አንዳችን ቤት ቡና እየጠጣን እንነጋገራለን። ከመካከላችን ያለች አንዲት እናት ለአዲስ የመጡ ወላጆች የልጁ ሕመም ሲነሳ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያደርግ የሚገልጸውን ቅጽ ታስሞላለች። ሐኪሙ ይፈርምበታል፤ ትምህርት ከመጀመሩ በፊትም ለትምህርት ቤቱ ነርስ መድረስ አለበት።