ኦንላይን ክላስ ላይ ተማሪው ራሱ እንዲነካካ ማድረግ፦ ፌት ሲሙሌሽንና ቴሌግራም ክዊዝ

ዙም ላይ ስክሪን ሼር ተደርጎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲወራ ግማሹ ተማሪ ካሜራውን አጥፍቶ ሌላ ስራ ላይ ነው፣ ይሄን የማያውቅ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም። ስለዚ ሁለት በነጻ የሚሰሩ ነገሮችን አገናኝተን እንዴት እንደምናስተምር ላሳያችሁ። አንዱ ፌት ነው፣ ሲሙሌሽን ማለትም ሙከራን ስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሰራ ነገር የሚገኝበት ዌብሳይት፣ ሌላው ሁሉም ስልክ ላይ ያለው ቴሌግራም። ለምሳሌ የፊዚክሱን የኤሌክትሪክ ሰርኪት እንውሰድ።

ፌት በፈረንጆቹ 2002 በኖቤል ተሸላሚው ፊዚሲስት ካርል ዋይማን የተጀመረ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ፕሮጀክት ነው። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ፣ የሂሳብ ሲሙሌሽን አለው።

መጀመሪያ ጎግል ላይ በእንግሊዝኛ ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ ብላችሁ ጻፉና ዌብሳይቱን ክፈቱ፣ ከዛ ሰርኪት ኮንስትራክሽን ኪት ዲሲ የሚለውን ፈልጉና ዳውንሎድ አድርጉት። ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ የኛ አገር ኔትዎርክ እየሄደ ስለሚመጣ ለኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ፋይሉን ቀደም ብላችሁ የክላሱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልቀቁትና ሁሉም ስልኩ ላይ በክሮም ከፍቶ ይሞክር፣ አንዳንድ ስልክ ላይ እምቢ ስለሚል ያ ተማሪ ኦንላይን ከሊንኩ ይግባ።

ቀጥሎ ዋናው ነገር፣ ማንም ሲሙሌሽኑን ከመንካቱ በፊት ይገምት። ግሩፑ ላይ ፖል (ድምፅ መስጫ) ክፈቱና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ አንድ አምፖል በባትሪ እየበራ ነው፣ ሌላ ተመሳሳይ አምፖል በተከታታይ ብንጨምር ምን ይሆናል? ሀ. የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይበልጥ ይበራል። ለ. ሁለቱም እኩል ይደክማሉ። ሐ. ምንም አይለወጥም። ብዙ ተማሪ ሀን ይመርጣል፣ ከረንቱ የመጀመሪያው አምፖል ጋር የሚያልቅ ስለሚመስለው። እዚጋ ተራ ፖል ተጠቀሙ እንጂ ክዊዝ ሞድ አታድርጉት፣ ክዊዝ ሞድ መልሱን ወዲያው ያሳብቃልና ለመሞከር የሚቀር ጉጉት አይኖርም። አኖኒመስ መሆኑም (ማን ምን እንደመረጠ አለመታየቱ) ጥሩ ነው፣ ዓይን አፋሩም ደፍሮ ይመርጣል።

አሁን ይስሩት። አንድ ባትሪ፣ ሁለት አምፖል፣ ሽቦ፣ ከዛ አሚተሩን (የከረንት መለኪያውን) እያንቀሳቀሱ ከረንቱን ያንብቡ። ባትሪው 9 ቮልት፣ አምፖሉ 10 ኦም ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አንድ አምፖል ብቻ ሲሆን 0.9 አምፒር ያነባሉ፣ ሁለት በተከታታይ ሲሆን 0.45 ይሆንና የትም ቦታ ቢለኩት ያው ነው፣ ስለዚ የፖሉ መልስ ለ ነው። አስር ደቂቃ ስጧቸው፣ ዝም በሉ (ከባዱ ይሄ ነው)፣ ስክሪንሾት ግሩፑ ላይ ይላኩ። የጨረሰ ተማሪ በትይዩ አያይዞ ይሞክር።

መጨረሻ ላይ ክዊዝ። ቴሌግራም ሰርች ላይ ክዊዝቦትን (ክዊዝ የሚያዘጋጀውን የቴሌግራም ቦት) ፈልጉ፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ብዙ ስለሆነ ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ነው የምትይዙት። ስታርት ብላችሁ አዲስ ክዊዝ ፍጠር የሚለውን ንኩ፣ ርዕስ ስጡት፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አስገቡ፣ ማብራሪያ የሚለው ቦታ ላይ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ፣ የተሳሳተው ልጅ ወዲያው ያየዋል። ሰዓቱን ለአንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ አታሳንሱት፣ አስር ሰከንድ ካደረጋችሁት የሚያሸንፈው ኔትዎርኩ ፈጣን የሆነው ነው። አምስት ስድስት ጥያቄ ይበቃል።

ግሩፕ ላይ ስታስጀምሩት ማን ስንት እንዳገኘ ደረጃ ያወጣል፣ ልጆቹ ይወዱታል ግን ደካማውን እንዳያሸማቅቅ ማርክ አትያዙበት። በሰዓቱ ያልገባው ደግሞ የክዊዙን ሊንክ ላኩለት፣ ማታ ዳታ ሲያገኝ ብቻውን ይሰራዋል።